ብረቱ ከተቆረጠ በኋላ ትዕዛዝ ሲለወጥ፦ በሂደት ላይ ያለን የሥራ ካርድ ለማረም ዝርዝር መመሪያ

ደንበኛው ደሴ ፒያሳ ካለው የትዕዛዝ መቀበያ ቢሯችን ደጃፍ ቆመው «ልጄ፣ የበሮቹን ወርድ ዐሥር ሴንቲ ሜትር ቀንሱልኝ» ሲሉኝ ስድስቱ በሮች ኮምቦልቻ ባለው ወርክሾፕ ከተጀመሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። «እሺ ሀጂ፣ ችግር የለውም» አልኩና ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። 90 የሚለውን አጥፍቼ 80 ጻፍኩ፤ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫንኩ፤ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ቡና ጠጣሁ። በማግስቱ ሐረጎን ወርጄ ወርክሾፑ ስደርስ ስድስቱም በሮች በ90 ተበይደው፣ ሁለቱ ፀረ ዝገት ቀለም ተቀብተው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። በያጁ ካርዱን ያየው ሥራውን ሲጀምር ነው። ከዚያ በኋላ እጁ ላይ ጓንት፣ ፊቱ ላይ መከላከያ አለ፤ ማን ስልክ ያያል?

ይህ መመሪያ እንዲህ ላለው ቀን ነው። የጻፍኩት እንደ እኔ የሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ፊት ተቀምጠው ትዕዛዝ ለሚከታተሉ ሰዎች ነው። ምሳሌዎቼ ከብረት በርና መስኮት ሥራ የመጡ ናቸው፤ ማተሚያ ቤት፣ ልብስ ስፌት ወይም ጋራዥ የሚሠራ ሰው ቃላቱን ወደ ራሱ ሥራ ቢመልሳቸው አካሄዱ ያው ነው። የሶፍትዌሩ ዓይነትም ብዙ አያለያይም። እኛ በትሬሎ ጀመርን፤ ሬድማይን ላይ ቆየን፤ አሁን ኦዱ እንጠቀማለን። ሁሉም ዘንድ አንድ ሥራ አንድ ካርድ አለው፤ ካርዱም ከደረጃ ወደ ደረጃ ይሄዳል። የእኛ ደረጃዎች ልኬት፣ ቆረጣ፣ ብየዳ፣ ቀለም፣ ርክክብ እና ገጠማ ናቸው።

ገና ልኬት ላይ ያለ ካርድ እንደ ልብ ይታረማል። ተገጥሞ የተዘጋ ካርድ ጨርሶ አይነካም። አስቸጋሪው መካከሉ ነው፤ ምክንያቱም በሂደት ላይ ያለ ሥራ ሁለት ቦታ ይኖራል፤ አንዱ ስክሪኑ ላይ፣ ሌላው በሠራተኛው እጅ። ስክሪኑን ብቻ ያረመ ሰው ሁለቱን አጣላቸው እንጂ አላረመም።

1. ከቁልፍ ሰሌዳው በፊት ስልክ

መጀመሪያ ሥራው በእጁ ላለ ሰው ደውሉ። «የት ደረሰ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «እየደረሰ ነው» ነው። ቁጥር ጠይቁ። ትዕዛዝ 118ን ምሳሌ ላድርገው፤ ስምንት መስኮት፣ እያንዳንዱ ወርዱ 120፣ ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር። ደንበኛው ቁመቱ 140 ይሁንልኝ ብለዋል። ለፎርማናችን ደወልኩ።

«ጋሼ፣ 118 ላይ ስንቱ ተቆርጧል?»

«አራቱ።»

«ከአራቱስ ስንቱ ተበይዷል?»

«ሁለቱ አልቋል፤ ሦስተኛውን ሊጀምር ነው።»

«እንግዲያውስ እንዳይጀምር ያስቁሙልኝ። የተቆረጠውንም ለብቻ ያስቀምጡልኝ፤ እስክደውል እንዳይነካ።»

ይህ ንግግር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከተደወለ በኋላ ካርዱ ላይ የማቆሚያ ምልክት ይደረጋል። እኛ «ቁም» የሚል ቀይ ምልክት አለን። ትሬሎ ላይ ባለ ቀለም መለያ መለጠፍ ይቻላል፤ ጂራ በሚባለው ሌላ ሶፍትዌር ላይ ካርዱን ባንዲራ ማሰር ይቻላል። ሥራውን ለማቆም ብላችሁ ግን ካርዱን ወደ ቀደመው ደረጃ አትጎትቱት። ብየዳ ላይ የቆመ ሥራ ብየዳ ላይ ነው የቆመው፤ ወደ ቆረጣ ከመለሳችሁት ቆራጩ አዲስ ሥራ የመጣለት መስሎት ብረት ያነሣል።

አስቸኳይ ያልሆነ ማስተካከያ ካለ እኔ ለዓርብ አቆየዋለሁ። ወርክሾፓችን ለጁምዓ ሰላት ስለሚዘጋ መቁረጫውም ብየዳውም ያርፋሉ፤ በዚያች ጊዜ የሚታረም ካርድ ከማንም እጅ ጋር አይጋጭም።

2. ትክክለኛውን ካርድ ማግኘት

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በአማርኛ የሚሠራ ሰው የሚገጥመው ችግር የፊደል ነው። ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ጠዋት ያለው ጸሐፊ «ሐጂ» ብሎ የመዘገበውን ሰው ከሰዓት ያለው «ሀጂ» ብሎ ሲፈልገው ሶፍትዌሩ «አልተገኘም» ይለዋል። እሱም ለዚያው ሥራ ሁለተኛ ካርድ ይከፍታል። አንድ ሥራ በሁለት ካርድ፣ በሁለት ልክ፤ ከዚህ የከፋ የለም።

ስለዚህ በስም አትፈልጉ፤ በትዕዛዝ ቁጥር ፈልጉ። ደንበኛው ቁጥሩን የሚያገኙት የቀብድ ደረሰኛቸው ላይ ነው። ደረሰኙ ከሌለ የስልካቸውን የመጨረሻ አራት አኃዞች ጠይቁ። ካርዱን ካገኛችሁ በኋላ ከመንካታችሁ በፊት የተያያዘውን የልኬት ፎቶ ክፈቱና ለደንበኛው ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ «ስምንት መስኮት፣ 120 በ150፣ ነው?» አንዳንዴ «ኧረ እሱ የወንድሜ ቤት ነው» የሚል መልስ ይመጣል።

3. የለውጡን ታሪክ አንብቡ

ደንበኛ ለአንድ ሰው ብቻ አይነግርም። ለእኔ ይነግራል፤ ለለኪው ይደውላል፤ ወርክሾፑ በር ላይ ያገኘውንም ሠራተኛ ያሳስባል። ለኪው ከእኔ ቀድሞ 150ን 140 አድርጎት ከሆነ፣ እኔ ደግሞ «10 ቀንስ» የሚለውን ብቻ ይዤ ከገባሁ ካርዱ ላይ የማየው 140 ነው፤ ከሱ 10 ስቀንስ 130 ይሆናል። መስኮቱ ከግንቡ ይጠባል፤ ጥፋቱም የማንም አይሆንም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ታሪኩን ማንበብ ነው። ጂራ «ታሪክ» በሚለው ክፍል የትኛው ሳጥን መቼ በማን እንደተለወጠ፣ የቀድሞውንና የአሁኑን ዋጋ ጎን ለጎን ያሳያል። ሬድማይንም እያንዳንዱን ለውጥ ከካርዱ ሥር ያሰፍራል። ኦዱ እንዲከታተላቸው የተደረጉ ሳጥኖችን ከመልእክቶቹ ጋር ይመዘግባል። ትሬሎ ካርዱ ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው መዛወሩን ይነግራችኋል፤ መግለጫው ውስጥ የነበረ ጽሑፍ ከተለወጠ ግን የቀድሞውን ካርዱ ላይ አታገኙትም። ትሬሎ የምትጠቀሙ ከሆነ ልክን መግለጫ ውስጥ ብቻ አትጻፉ፤ በተለወጠ ቁጥር በአስተያየት መልክ አዲስ መስመር ጨምሩ።

ሁለተኛው መድኃኒት «ቀንስ» እና «ጨምር» የሚሉ ቃላትን ከቢሮው ማባረር ነው። እኛ ዘንድ ማንም «10 ቀንስ» አይልም፤ «ከ150 ወደ 140» ይላል። ካርዱ ላይ 150ን ያላገኘ ሰው ያን ጊዜ ይቆምና ይጠይቃል።

4. ማረም፣ ለሁለት መክፈል ወይስ አዲስ ካርድ?

የዚህ ሥራ ልቡ ይህ ነው፤ ሶፍትዌሩ ሊወስንላችሁ አይችልም። ፎርማኑ የሰጣችሁን ቁጥር ይዛችሁ ተቀመጡ።

ለውጡ ብረቱን የማይነካ ከሆነ፣ ለምሳሌ የስልክ ቁጥር፣ የማድረሻ ሰፈር ወይም የተረካቢ ስም ከሆነ፣ ካርዱን አርማችሁ ሂዱ። ለውጡ ብረቱን የሚነካ ሆኖ አንድም ያልተቆረጠ ከሆነም እንዲሁ።

ከፊሉ የተሠራ ከሆነ ግን ካርዱን ለሁለት ክፈሉት። 118 ላይ ሁለቱ ተበይደዋል፣ ሁለቱ ተቆርጠዋል፣ አራቱ አልተነኩም። የስምንቱን ልክ በአንድ ጊዜ 140 ብዬ ካረምኩ ካርዱ የሚዋሸው ሁለቱን የተበየዱ መስኮቶች በተመለከተ ነው፤ እነሱ 150 ናቸው፣ ተሠርተው ቆመዋል፣ ብረትም ሰዓትም በልተዋል። ስለዚህ 118ን በሁለት መስኮት፣ በ150 አስቀርቼ 118/2 የሚል አዲስ ካርድ በስድስት መስኮት፣ በ140 ከፈትኩ። አሮጌው ቁጥር ለተሠራው፣ አዲሱ ቁጥር ለሚሠራው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገዋል፤ አሮጌውን ካርድ ለሚቀጥለው ሥራ ያቆየውና የተበላሸውን «ቀሪ» ብሎ ለብቻ ያወጣዋል። እኔ አልወደውም፤ በአሮጌው ካርድ ላይ የተመዘገበው የሥራ ሰዓትና የወጣው ብረት የተሠራው ሥራ ነውና ከሱ ጋር ይቆይ።

ኦዱ የማምረቻ ትዕዛዝን ለሁለት ለመክፈል የራሱ ምርጫ አለው። ጂራ ላይ ካርዱን አባዝታችሁ ሁለቱን ታገናኛላችሁ። ትሬሎ ላይ ካርዱን ቀድታችሁ የአንዱን ማስፈንጠሪያ ሌላው ውስጥ ትለጥፋላችሁ። የምትጠቀሙበት መሣሪያ ምንም ይሁን፣ ሁለቱ ካርዶች እርስ በርስ መጠቋቆም አለባቸው፤ ያለዚያ ገጣሚው ስድስት መስኮት ጭኖ ስምንት ክፍት ግንብ ያገኛል።

ሌላው ልታዩት የሚገባ የለውጡ አቅጣጫ ነው። ብረት ማሳጠር ይቻላል፤ ማስረዘም ግን ቅጥያ ነው። የተቆረጡት ሁለት ፍሬሞች ከ150 ወደ 140 ሲወርዱ የቆሙት ብረቶች ዐሥር ዐሥር ሴንቲ ሜትር ይቆረጥላቸዋል፤ ቁራጩ ለማጠፊያ ወይም ለመያዣ ይሆናል። ደንበኛው 160 ይሁን ብለው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ፍሬሞች ለሌላ ትዕዛዝ የሚጠብቁ ዕቃ ይሆኑ ነበር። ስክሪኑ ላይ 140ም 160ም ሦስት አኃዝ ናቸው፤ ሶፍትዌሩ ልዩነታቸውን አያውቅም።

የተበየዱትን ሁለቱን ምን እናድርግ? ይህ የደንበኛውና የባለቤቱ ጉዳይ ነው፤ ጸሐፊ አይወስነውም። 118ን ብየዳ ላይ «ውሳኔ ይጠበቃል» ብላችሁ ተዉት። በእኛው ጊዜ ደንበኛው ለኋላው ግንብ ይሆናል ብለው ሁለቱን በ150 ወስደዋቸዋል። ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም።

5. አንዱ ሳጥን ሲነካ ማን ይነቃነቃል?

አሁን ማረም ትችላላችሁ። ነገር ግን ቁመት ብቻውን የሚለወጥ ሳጥን አይደለም። ለፍሬም የምንጠቀምበት ቱቦላሬ የሚመጣው በ6 ሜትር ርዝመት ነው። 120 በ150 የሆነ መስኮት ዙሪያው 540 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አንድ ብረት አንድ ፍሬም ያወጣል፤ 60 ይተርፋል። 140 ሲሆን ዙሪያው 520 ነው፤ አሁንም አንድ ብረት ነው፤ የብረቱ ብዛት አይለወጥም። ቁመቱ 170 ቢሆን ዙሪያው 580 ነው፤ አሁንም ይበቃል። 180 ሲሆን ግን ዙሪያው ልክ 600 ይሆናል፤ በወረቀት ሲታይ ይበቃል፤ የመቁረጫው ዲስክ በእያንዳንዱ ቆረጣ የሚበላውን ሚሊ ሜትር ስንጨምርበት አይበቃም። ለስምንት መስኮት ስምንት ብረት ያለው ካርድ በአንድ ቁጥር ለውጥ ተጨማሪ ብረት ይጠይቃል፤ ይህንንም ዕቃ ግዢው ካላወቀ ሥራው ሐሙስ ከሰዓት ላይ ይቆማል።

ስለዚህ ልክ ስታርሙ ከታች ያሉትን በቅደም ተከተል ተመልከቱ፤ የብረት ብዛት፣ መስታወት፣ ዋጋ፣ ርክክብ ቀን። መስታወት እኛ ዘንድ የራሱ ካርድ ስላለው ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ዋጋ ከተለወጠ ተጨማሪ እሴት ታክሱም፣ ማለትም 15 በመቶው፣ አብሮ ይለወጣል። ቀብድ ተቀብላችሁ ደረሰኝ ከቆረጣችሁ ደረሰኙን ለማስተካከል የሒሳብ ክፍሉን አነጋግሩ፤ ከካርዱ ላይ በራሳችሁ አትነካኩት።

ሁሉንም ሞልታችሁ አንድ ጊዜ አስቀምጡ። ቁመቱን አስቀምጦ፣ ብረቱን አስቀምጦ፣ ቀኑን አስቀምጦ የሚሄድ ሰው ለፎርማኑ ስልክ ሦስት ማሳወቂያ ይልካል። ፎርማኑ የመጀመሪያውን ያነባል፤ ሁለተኛውን ያያል፤ ሦስተኛውን አያየውም። ዋናው ነገር ሁልጊዜ ሦስተኛው ውስጥ ነው።

6. ቀንና ሰዓት

አብዛኞቹ እነዚህ ሶፍትዌሮች የሚያውቁት የአውሮፓውያንን የቀን አቆጣጠር ነው። ደንበኛው «ጥቅምት 10 አድርሱልኝ» ሲሉ ጥቅምትን ኦክቶበር ብቻ ብሎ የሚተረጉም ጸሐፊ ኦክቶበር 10 ይሞላል። በ2018 ዓ.ም. ኦክቶበር 10 የዋለው መስከረም 30 ነው፤ ጥቅምት 10 ደግሞ ኦክቶበር 20። ወርክሾፑ ዐሥር ቀን በከንቱ ይጣደፋል። ይህ እንኳ ቀላሉ ስሕተት ነው። 10/02/2018 ብሎ የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ የጻፈ ሰው ሶፍትዌሩን ወደ አውሮፓውያኑ 2018 ይመልሰዋል፤ ካርዱም በዚያች ቅጽበት ዓመታት ያለፈበት ተብሎ ቀይ ይለብሳል።

እኛ ዘንድ ቀን ሲታረም በሁለት ቦታ ይጻፋል። የሶፍትዌሩ የቀን ሳጥን በአውሮፓውያኑ ይሞላል፤ የካርዱ ርዕስ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ርክክብ ጥቅምት 10፣ ሰኞ» ተብሎ በአማርኛ ይጻፋል። የሳምንቱን ቀን መጻፍ ትልቅ ነገር ነው፤ ቁጥሩ ቢሳሳት ሰኞ የሚለው ይመሰክራል።

ሰዓትም እንዲሁ ያታልላል። እኛ ጠዋት 4 ሰዓት የምንለውን ሶፍትዌሩ 10:00 ይለዋል። የሰዓት ቀጠናው ካልተስተካከለ ደግሞ ያንኑ ሰዓት 7:00 ብሎ ያሳያል፤ ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት ስለምትቀድም። አንዲት ሰዓት ሦስት ስም አወጣች ማለት ነው። በቅንብር ውስጥ «አዲስ አበባ» የሚለውን ቀጠና ምረጡና አንዱን ተገላገሉ፤ ለቀሩት ለሁለቱ ዘዴ የለም፣ ስድስት መቀነስና መደመር መልመድ ነው። የለውጥ ታሪክ ስታነቡ ይህን አስታውሱ፤ «ከመቆረጡ በፊት ነው ያረምኩት» የሚል ክርክር የሚፈታው በዚህ ሰዓት ነው።

7. ምክንያቱን ጻፉ

ካርዱን ስታርሙ ከሥሩ አንድ አስተያየት ይጨመራል። ብዙ ጊዜ የማየው አስተያየት «ተስተካክሏል» የሚል ነው። ምን ተስተካከለ? በማን ቃል? ከስንት ወደ ስንት? ከሦስት ሳምንት በኋላ ገጣሚው ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲደውል «ተስተካክሏል» ምንም አይነግረውም። 118/2 ላይ የጻፍኩት ይህ ነው፦

«ቁመት ከ150 ወደ 140 ሴ.ሜ.። የጠየቁት ደንበኛው ናቸው፣ ቢሮ ድረስ መጥተው። ምክንያት፦ የመስኮቱ ደፍ በግንበኛው ከፍ ተደርጓል። 2 የተቆረጠ ፍሬም ወደ 140 ይወርዳል፤ 4 አዲስ ይቆረጣል። 2 የተበየደው በ118 ይቆያል። የብረት ብዛት አልተለወጠም። ርክክብ አልተለወጠም።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ልብ በሉ። ያልተለወጠውን መጻፍ ሞኝነት ይመስላል፤ ነገር ግን አንባቢው «ቀኑስ?» ብሎ ከመደወል የሚያድነው እሱ ነው።

8. ወረቀቱን አውርዱ፣ ከዚያ ሥራውን ልቀቁ

በያጆቻችን በስክሪን አይሠሩም፤ ካርዱ ታትሞ ከሥራ ጠረጴዛቸው በላይ ይሰቀላል። ስለዚህ የታረመ ካርድ እንደገና መታተም አለበት። ቅደም ተከተሉን አደራ፤ መጀመሪያ አሮጌው ይወርዳል፣ ከዚያ አዲሱ ይሰቀላል። አዲሱን ከላዩ ደርቦ የሰቀለ ሰው ንፋስ ሲገልጠው አሮጌውን ያነብባል፤ ወርክሾፓችን በሩ ትልቅ ነው፣ ከቦርከና በኩል የሚመጣው ንፋስም አያርፍም። አዲሱ ወረቀት ላይ ከትዕዛዝ ቁጥሩ ጎን «እትም 2» የሚል በትልቁ ይጻፋል። አሮጌው ይቀደዳል።

ፎርማኑ የተሰቀለውን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ሲልክልኝ ካርዱ ላይ አያይዘዋለሁ። ግን «ቁም» የሚለውን ገና አላነሣም። መጀመሪያ በአዲሱ ልክ አንድ ፍሬም ብቻ ይቆረጣል፤ ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሣል። 140 ላይ ሲያርፍ ካየሁት በኋላ ምልክቱን አነሣለሁ፤ ከዚያ የቀሩት አምስቱ ይቀጥላሉ። አንድ ፍሬም ቢበላሽ አንድ ብረት ነው።

ሁለት ሰው አንድ ካርድ ሲነካ

እኔ ደሴ ቁመቱን ሳርም ፎርማኑ ኮምቦልቻ የተቆረጠውን ብዛት ሲሞላ ምን ይሆናል? እንደ ሶፍትዌሩ ነው። ሬድማይን ካርዱን ከከፈታችሁ በኋላ ሌላ ሰው ካስቀመጠበት ያስቆማችሁና ሦስት ምርጫ ይሰጣችኋል፤ ለውጣችሁን በላዩ ላይ መጫን፣ አስተያየታችሁን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መተው ወይም ሁሉንም ጥሎ ካርዱን እንደገና ማየት። በችኮላ የመጀመሪያውን የሚጫን ሰው የባልደረባውን ሥራ ይሽራል። እኔ ሁልጊዜ ሦስተኛውን እመርጣለሁ፤ የጻፍኩትን ቀድቼ እይዝና ካርዱን አድሼ እንደገና እሞላለሁ።

እንዲህ የማያስጠነቅቁም አሉ፤ ኋላ ያስቀመጠ ያሸንፋል። በተለይ ስልክ ላይ ተጠንቀቁ። ለኪያችን ከደሴ ሲወርድ መንገድ ላይ ኔትወርክ በሌለበት ያረመው ካርድ ኮምቦልቻ ገብቶ ኔትወርክ ሲያገኝ ተላከ፤ በመካከሉ እኔ ያስተካከልኩትን ልክ ወደ አሮጌው መለሰው። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ካርድ ይነበባል እንጂ አይታረምም። ቢሮ ውስጥም ካርድ ከፍቶ ለምሳ መውጣት የለም፤ ተከፍቶ፣ ታርሞ፣ ተዘግቶ ነው።

ካርድ በስሕተት ሲጎተት

ሰሌዳ ላይ ካርድን በአይጥ መጎተት ደስ ይላል፤ አደጋውም እዚያው ነው። አንዳንድ ደረጃዎች ከኋላቸው የተሰካ ነገር አለ። የእኛ «ርክክብ» ደረጃ ካርድ ሲገባበት ለደንበኛው «ሥራዎ ደርሷል» የሚል መልእክት ይልካል። አንድ ቀን ቀለም ላይ ያለ ካርድ ለማንበብ ስል እጄ ሸርተት አለና ርክክብ ላይ ወደቀ፤ ወዲያው መለስኩት። መልእክቱ ግን ሄዷል። ደንበኛው ከሐይቅ አይሱዙ ተከራይተው መጡ። በሮቹ ቀለማቸው እርጥብ ነበር። የኪራዩን ሒሳብ ከፈልን፤ ቡናም ከአቦል እስከ በረካ ጠጡ፣ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

ስለዚህ ደረጃን በመጎተት ሳይሆን ካርዱን ከፍታችሁ ከዝርዝር ውስጥ በመምረጥ ለውጡ። መልእክት የሚልክ ደረጃ ላይ ደግሞ «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ማረጋገጫ ወይም የመላኪያ መዘግየት ማድረግ ከተቻለ አድርጉ። ካርድ በእውነት ወደ ኋላ መመለስ ሲኖርበት፣ ለምሳሌ ቀለም ላይ ስንጥቅ ብየዳ ሲገኝ፣ መልሱት፤ ነገር ግን ከመመለሱ በፊት ምክንያቱን ጻፉ። ያለ ምክንያት የተመለሰ ካርድ በያጁን ያስቀይማል፤ የሚስተካከለውንም ስለማያውቅ ሥራው እንደገና እንዳለ ይመጣል።

ማን ይንካ?

አጭር ነው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይግባ። አንድ የይለፍ ቃል ለአምስት ሰው የሰጠ ቢሮ የለውጥ ታሪክ የለውም፤ ሁሉም ለውጥ በአንድ ስም ነው የተጻፈው። ልክን የሚነኩ ሳጥኖች ከቆረጣ ጀምሮ ለሁለት ሰው ብቻ ይፈቀዱ። ጂራ አንድ ደረጃ ላይ የደረሰ ካርድ እንዳይታረም የሚቆልፍ ቅንብር አለው፤ ኦዱም የጸደቀ ትዕዛዝን መቆለፍና መክፈት ይችላል። አስተያየት መጻፍ ግን ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ ስሕተቱን መጀመሪያ የሚያየው ብዙ ጊዜ የማረም ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ነው።

ብዙ ካርድ በአንድ ጊዜ

የቀለም ዓይነት ሲቀየር ወይም መብራት ጠፍቶ የሁሉም ርክክብ ሲገፋ ካርዶችን አንድ በአንድ ማረም አይቻልም። ጂራ የጅምላ ማረሚያ አለው፤ ኦዱ ላይም ከዝርዝር ውስጥ ብዙ መስመር መርጦ አንድ ሳጥን መለወጥ ይቻላል። መጀመሪያ በደረጃ አጣሩ፤ የተጠናቀቁት አብረው እንዳይገቡ። ከዚያ ዝርዝሩን ወደ ኤክሴል አውጥታችሁ አስቀምጡ። በአንድ ካርድ ሞክሩ። ቀጥሎ በሙሉ። ማሳወቂያውን የማጥፋት ምርጫ ካለ አጥፉትና ለሠራተኛው በአንድ የቴሌግራም መልእክት ንገሩ፤ አርባ ማሳወቂያ የደረሰው ሰው ስልኩን ነው የሚያጠፋው።

ደረጃዎቹ ራሳቸው ሲለወጡ

ባለቤቱ በብየዳና በቀለም መካከል «ፍተሻ» የሚል ደረጃ ይጨመር አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጥያቄው በመንገድ ላይ ያሉት ካርዶች ናቸው። ሶፍትዌሮች እዚህ ላይ ይለያያሉ። ካሙንዳ በሚባለው ዓይነት የሂደት ሞተር (ሥራን ከደረጃ ወደ ደረጃ በራሱ የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር) ላይ የተጀመረ ሥራ በተጀመረበት እትም ይቀጥላል፤ አዲሱ መንገድ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚጀመሩት ነው፤ አሮጌዎቹን ለማዛወር ሆን ተብሎ መደረግ አለበት። ጂራ ካርድ ያለበትን ደረጃ ስታነሡ ካርዶቹ የት ይሂዱ ብሎ ይጠይቃል። ትሬሎ አይጠይቅም፤ ዝርዝሩን ወደ ማህደር ስታስገቡት በውስጡ ያሉት ካርዶች አብረው ከሰሌዳው ይሰወራሉ። ስለዚህ ትሬሎ ላይ ዝርዝር ከመነካቱ በፊት ባዶ ይደረግ።

እኛ አዲሱን ደረጃ የጨመርነው ሰኞ ጠዋት ነበር። ከብየዳ በፊት የነበሩት ሁሉ በአዲሱ መንገድ ሄዱ። ብየዳቸው ያለቀውን ግን ወደ ኋላ መልሰን ፍተሻ ውስጥ አላስገባናቸውም፤ ቀለም ተቀብቶ የደረቀ ብየዳ በዓይን አይፈተሽም። ርዕሳቸው ላይ «በቀድሞው መንገድ» ብለን ጻፍንባቸው። አምስት ነበሩ፤ 118ም ከነሱ አንዱ ነበረ፣ ሁለቱ መስኮቶች ገና የደንበኛውን ቃል እየጠበቁ። ደንበኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውለው «በሉ አምጧቸው፣ ለኋላው ግንብ» ሲሉ ካርዱን ከፍቼ «ውሳኔ ይጠበቃል» የሚለውን አነሣሁ፤ የደወሉበትን ቀንና ሰዓት ጻፍኩ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ከመዝጋቴ በፊት ለፎርማኑ ደወልኩ።